የተነካ ልብ ዕዳው ለማን ነው?

ሮተሪንና ላየንስን የመሳሰሉ የአገልግሎት ክለቦች በየዓመቱ በሚያደርጉት የቀጣና ጉባኤ አንድ የተለመደ ሰዓት አለ። የሥራ ሪፖርቱ ተሰምቶ፣ ስለ ገንዘቡ ተወያይተው፣ ስለሚመጣው ዓመት ከተመካከሩ በኋላ አነቃቂ ተናጋሪ ወደ መድረክ ይጋበዛል። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ ታላቅ መከራን ያለፈ ሰው ነው፤ ያለ ወላጅ ያደገ፣ አካሉ የተጎዳ ወይም በስደት ያደገ። አዳራሹ በጸጥታ ያዳምጣል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ በመጨረሻም ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጭባል። በማግስቱ እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት የምንሻው ንግግሩ ማማሩን ወይም አለማማሩን አይደለም። ጥያቄያችን፣ ልቡ የተነካ ሰው በመነካቱ ብቻ ዕዳ ይገባ እንደሆነና፣ ከገባም ዕዳው ለማን እንደሆነ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ሮተሪ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን፣ የአገራችን ክለቦች ከጎረቤት አገሮች ክለቦች ጋር በአንድ ዲስትሪክት ታቅፈው ሲሠሩ ኖረዋል። በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ላይ የሚተረከው የስደተኛ ታሪክ ደግሞ የሚቀዳው እንደ ሸርቆሌ ካሉ ቦታዎች ነው። በአሶሳ ዞን የሚገኘው የሸርቆሌ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ነበር። ከዚያ በኋላ ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ አገሮች የመጡም ተጠልለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ እንዲሁም በሚያዝያ 2023 በካርቱም የጀመረው ጦርነት በተስፋፋ ጊዜ፣ በኩርሙክ በኩል ሌሎች ብዙዎች ወደ ክልሉ ገብተዋል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ታሪክ ወጥቶ ወደ ከተማ አዳራሽ ይሄዳል። ታዲያ በለውጡ ወደዚያ የሚመለሰው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የልብ መነካት መልካም ነገር መሆኑን መካድ አይገባም። ለዚህም ከክለቦቹ ታሪክ አንድ ታላቅ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1925 የላየንስ ክለቦች በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሲዳር ፖይንት በተባለ ስፍራ ባደረጉት ጉባኤ ላይ ሄለን ኬለር ንግግር አድርጋ ነበር። እርስዋም በሕፃንነቷ በያዛት ሕመም ማየትና መስማት የተሳናት ሴት ነበረች። ክለቦቹ የቀረበላቸውን ተቀበሉ፤ የዓይን ጤንነትና የዓይነ ስውራን አገልግሎትም ከዚያን ቀን ጀምሮ የላየንስ ዋና ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ መዳን የሚችለውን ዕውርነት ለመከላከል ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ጀመሩ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የትራኮማ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ስትሆን፣ ከካርተር ማዕከል ጋር በመተባበር በተለይ በአማራ ክልል የተደረገው ትራኮማን የመከላከል ሥራ ከዚሁ ምንጭ ድጋፍ አግኝቷል። እንግዲህ አንድ አጭር ንግግር ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በሩቅ አገር ተደርጎ፣ ፍሬው ወደ ገጠሮቻችን ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ንግግር ከሌሎች በምን ተለየ? ሄለን ኬለር የራስዋን ድል መተረክ ትችል ነበር፤ ዓለምም ይህን ከእርስዋ ለመስማት ይወድድ ነበር። እርስዋ ግን ሰሚዎቿ ወደ ኋላ የቀሩትን እንዲያዩ ጠየቀች። ትምህርት ያላገኘ ዓይነ ስውር ልጅ እንዳይኖር፣ መከላከል የሚቻለው ዕውርነትም እንዲወገድ፣ ለዚህም ሲባል በስም የጠቀሰችውን የዓይነ ስውራን ድርጅት ሥራ እንዲደግፉ ለመነቻቸው። ሰሚዎቿ ከጉባኤው ሲወጡ ምን እንደተጠየቁ ያውቁ ነበር።

በአንጻሩ ሌላ ዓይነት ንግግር አለ። ይኸኛው ተናጋሪውን ራሱን የነገሩ መደምደሚያ ያደርገዋል፤ «እኔ ከቻልሁ ማንም ይችላል» ብሎ ያበቃል። ቃሉ ለሰሚው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በሸርቆሌ ሆኖ ለሚሰማው ሰው ምን ይመስላል? የወጣው በብርታቱ ከወጣ፣ የቀረው በስንፍናው ቀረ ማለት ይሆናል። ይህ ደግሞ እውነት አይደለም። በአገራችን ቀድሞ የነበረው ሕግ በስደተኛው የመሥራት መብት ላይ በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣለውን ገደብ ይጥል ነበር። የሥራ፣ የእንቅስቃሴና የትምህርት መብቶችን ይበልጥ ያሰፋው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019፣ መጠለያው ከተከፈተ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በመጠለያው ለኖረ ሰው የጎደለው ቆራጥነት ብቻ ነበር ማለት በደል ነው። ሕግ፣ መሬት፣ መሣሪያ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ጎድሎት ነበር። ስለዚህ ሰሚውን ከዕዳው የሚያሳርፍ ታሪክ፣ ሳያስበው የታሪኩን ባለቤቶች ይከስሳል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። «ንግግር ሁሉ በልመና ማለቅ አለበት ወይ? የደከመን ሰው ማበረታታት ራሱን የቻለ በጎ ሥራ አይደለምን?» ይባል ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሮተሪ ፖሊዮን ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዘመቻውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2020 ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየተዞረ የሚሠራ ሥራ፣ አይዞህ የሚል ድምፅ ካልተሰማበት በመንገድ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሸክም በትከሻው ላይ ላለ ሰው የሚነገረው አይዞህ እና ምንም ሳይሸከም ለተቀመጠ ሰው የሚነገረው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጉልበት ይሆናል፤ ሁለተኛው ግን የሥራን ስሜት ያለ ሥራ ይሰጣል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ያለቀሰ ሰው እንባውን እንደ ምጽዋት ቆጥሮ ሒሳቡን ሊዘጋ ይችላልና።

የሕዝባችን ልማድ በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። ደቦ የሚጠራ ገበሬ ረጅም ንግግር አያደርግም፤ ማሳው የት እንደሆነ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ ይናገራል፤ የተጠራውም መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። ከድንበር ማዶ በሱዳን አረብኛ ይህን የመሰለው የጋራ ሥራ «ነፊር» ይባላል። ቃሉ በአረብኛ የጥሪ ድምፅንም ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ካርቱም በጎርፍ በተጥለቀለቀች ጊዜ ለእርዳታ የተነሡት ወጣቶች ለማኅበራቸው የሰጡት ስም ይኸው ነበር። በአንድ ቃል ጥሪውም ሥራውም ይሰማል፤ ሥራ የማይከተለው ጥሪ ስሙ የጎደለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሮተሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የሚታወቅ የአራት ጥያቄዎች መመዘኛ አላቸው፤ የሚባለውና የሚደረገው እውነት፣ ለሁሉም ፍትሐዊ፣ ወዳጅነትን የሚያጸና፣ ለሁሉም የሚጠቅም መሆኑን ይጠይቃሉ። ይህን መመዘኛ በአነቃቂው ንግግር ላይ ማዋል ይገባል። ተናጋሪው የሌላውን መከራ ሲተርክ የባለታሪኩን ፈቃድ ያግኝ፤ የቀሩትንም አይርሳ። ሰሚው እንባው ሳይደርቅ አንድ ነገር በቀንና በመጠን ይወስን። ጉባኤውም አዲሱን ተናጋሪ ከመጋበዙ በፊት፣ ባለፈው ዓመት ከተሰማው ንግግር የተነሣ ምን እንደተሠራ በንባብ ያሰማ። የሚነበብ ነገር ከጠፋ፣ የዚያን ዓመት ንግግር ቀርቶ ለቀደመው ዕዳ መመካከር ይሻላል።

ይህ ፍርድ በእኛ በሰባኪዎችም ላይ ይሠራል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፉት መልእክት የዘመኑ ሰው ከመምህር ይልቅ ምስክርን እንደሚሰማ አስገንዝበው ነበር። በቋንቋችን ምስክር ማለት በዳኛ ፊት ቆሞ የሌላው ሰው መብት እንዳይጠፋ የሚናገር ነው። ምስክሩ ከተሰማ በኋላ አጨብጭቦ የሚበተን ችሎት የለም፤ ፍርድ ይጠበቅበታል። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ማለታቸው ለተናጋሪ ነው፤ ቃልን ሰምቶ ልቡ የተነካም ከዚሁ ዕዳ አያመልጥም። ዕዳው የሚከፈለውም አዳራሹን ላሞቀው ተናጋሪ ሳይሆን፣ ታሪኩ ተወስዶበት ዛሬም በሸርቆሌ ለሚኖረው ሰው ነው።