መጎብኘት

‹‹ጎበኘ›› የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ አለው። የታመመ ሰው እንጎበኛለን፤ አገርም እንጎበኛለን። ሕመምተኛ ልንጎበኝ ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንገባለን፤ ‹‹እንዴት አደሩ?›› ብለን፣ መልሱን ቁጭ ብለን እንሰማለን። አገር ልንጎበኝ ስንሄድስ? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ከቦንጋ ከተማ ብዙም የማይርቀው የባርታ ፏፏቴ ነው።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ ኑሮው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። መንገዱን ሁሉ ያወራልኝ በዚያ ስላለ የባሕር ዳር መናፈሻ ነበር፤ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከሥር ገደሉን ሲደበድብ፣ ሰው ከላይ አጥሩን ተደግፎ ሲመለከት። ‹‹ምን ያደርጋል፣ እኛ ባሕር የለንም!›› አለ በቁጭት። እውነቱን ነው። የካፋን ውሃ እየሰበሰበ የሚወርደው ጎጀብ እንኳ ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ ቱርካና ሐይቅ ይቀራል እንጂ ውቅያኖስ አያይም። ባርታ ስንደርስ ግን ወዳጄ ዝም አለ። ውሃው ከደኑ ወጥቶ ገደሉን ይወረወራል፤ ፍንጣቂው ፊት ያርሳል፤ ከድምፁ ሌላ የሚሰማ የለም።

ፎቶግራፍ አነሣን። አንዲት ጎጆ ከዳር እየገባች ስላስቸገረችኝ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ አስወጣኋት። ከዚያ ሰዓታችንን አየን። ስንመለስ የጎጆዋ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ከደጃፋቸው ቆመው ‹‹ቡና ደርሷል፤ ግቡ›› አሉን። ‹‹እንቸኩላለን አባታችን፤ ፏፏቴውን ልናይ ነው የመጣነው›› አልናቸው።

‹‹እሱስ ነገም ይወርዳል›› አሉ።

የቡና መገኛ በሆነው በካፋ ምድር፣ ቡና ጠጡ ተብለን እምቢ ብለን ሄድን።

መኪና ውስጥ ነገሩን አንሥተን ተከራከርን። ‹‹ማየት ምን ዕዳ አለው?›› አለ ወዳጄ። ‹‹ውሃውን አልቀዳሁ፣ ዛፉን አልቆረጥሁ። ስላየሁት አላነሰ። ውበት የሁሉም ነው።›› ክርክሩ ቀላል አይደለም። እንዲያውም አብሮት የኖረ ሰው ልብ የማይለውን ውበት ብዙ ጊዜ የሚያየው እንግዳ ዓይን ነው።

ነገር ግን ያየነው ደን እንዴት ቆየን? በካፋ ‹‹ኮቦ›› የሚባል የኖረ ልማድ አለ፤ የትኛው የደን ክፍል የማን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ቡናውን ማን እንደሚለቅም፣ ቀፎውን ማን እንደሚሰቅል በእርሱ ይታወቃል። ‹‹ጉዶ›› የሚባሉት የአምልኮ ስፍራዎች ደግሞ ዛፋቸው ተከብሮ ኖሯል። እኛ ‹‹ተፈጥሮ›› የምንለው ነገር፣ እንግዲህ፣ መጥረቢያውን አንሥቶ መልሶ ያስቀመጠ ሰው ትዕግሥት ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሰፊ የካፋን ምድር በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብም ሰውን አላስወጣም፤ የማይነካ እምብርት አለው፣ በዙሪያው ግን አራሹና ንብ አንቢው ይኖራሉ።

በዓይኑ ብቻ የሚወድ ሰው የሚያሰጋኝ እዚህ ላይ ነው። የማያውቀውን ሰው ከሥዕሉ ቢያወጣው አይቆጨውም። ዛሬ ጎጆዋን ከፎቶግራፉ ያስወጣል፤ ሥልጣን ቢያገኝ ነገ ከመሬቱ ያስወጣታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደሚመስለን ሩቅ አይደለም። እኔም በሁለት እርምጃ ጀምሬዋለሁ።

አበው ‹‹እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው›› ይላሉ። የዛሬ ጎብኚ መዳብ እስኪሆን አይቆይም፤ ጭራሹን እንግዳ ሳይሆን ይመለሳል። እንግዳ ለመሆን ከሰው ቤት መግባት፣ ከሰው እጅ መቀበል ያስፈልጋል። የተቀበለ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ባለዕዳ ደግሞ የሰጠውን ሰው በቀላሉ አይረሳም። የሸሸነው ጊዜ እንዳናባክን ይመስለን ነበር፤ የሸሸነው ግን ይህን ዕዳ ነው።

ፎቶግራፉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ጎጆዋ መታየት ወደነበረባት ወደ ግራ ጠርዝ ነው። ዳግመኛ ዕድል ባገኝ በቡናው እጀምራለሁ። ፏፏቴው፣ አዛውንቱ እንዳሉት፣ ነገም ይወርዳል፤ ነገም እንዲወርድ ደኑን ያቆዩለት ግን እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው።