የከበሮው ሁለት አፍ

የኬንያዋ ሞያሌና የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ስምም ቋንቋም ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ መርቀው ከፈቱ። ዘፈኑና መዝሙሩ ግን ከዚያ በፊትም ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ኖረዋል። እንዲህ ባለ ከተማ በኪቦርድ የሚተዳደር ሙዚቀኛ ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ደግሞ ጸሎት ቤት ሊጫወት ይችላል፤ ኦሮምኛም፣ አማርኛም፣ ስዋሂሊም ይጠየቃል። መሣሪያው ግን አንድ ነው። ትናንት ጭፈራውን ያደመቀው የከበሮ ድምፅ ዛሬ ለምስጋና ሲመታ ያው ድምፅ ነው ወይስ ሌላ?

ነገሩ የሚጀምረው ከቁልፎቹ ነው። ኮርግ ኤም1 እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ የዜማውን ድምፅ፣ ከበሮውንና መቅጃውን በአንድ ኪቦርድ ሰበሰበ። በ1991 ደግሞ ጄኔራል ሚዲ የሚባለው ስምምነት እያንዳንዱን ምት በየቁልፉ ደለደለ፤ ቤዝ ድራም 36፣ ስኔር 38፣ ዝግ ሃይ ሃት 42 ላይ። ከ35 እስከ 81 ባሉት ቁልፎች 47 ድምፆች ተሰደሩ። ከነዚህ ውስጥ የብራዚሏ ኩይካ ብቻዋን ሁለት ቁልፍ አግኝታለች። የኢትዮጵያ ከበሮ አንድም የለውም፤ የኬንያው ንጎማም እንዲሁ።

ስለዚህ ተጫዋቹ የራሱን ኪት፣ ማለትም በቁልፎቹ ላይ የተደለደለ የምት ድምፆች ስብስብ፣ ይሠራል። ከበሮውን ይቀርጻል፣ የድምፁን ዳርና ዳር ይከረክማል፣ በለስላሳው ምትና በኃይለኛው መካከል ደረጃ ያበጃል፣ ከዚያ ሰፊውን አፍ በአንድ ቁልፍ፣ ጠባቡን በሌላ ያስቀምጣል። ለችክችካ የሚበቃ ኪት ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድላል። እውነተኛው ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሁለት በኩል ቆዳ የለበሰ ነው። ሰፊው አፍ ሲመታ በውስጡ ያለው አየር ጠባቡንም ያንቀጠቅጠዋል፤ ጠባቡ ሲመታም ሰፊው ዝም አይልም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሰፊውን አፍ የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ፤ ጠፍሩ በጌታ ገላ ላይ የወጣው ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅም በመዘባበት ያለበሱት ከለሜዳ ነው። ይህ ትርጓሜ ከእንጨቱና ከአየሩ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱ አፎች ሳይቀላቀሉ፣ ሳይለያዩም በአንድ አካል ይሰማሉ። ኪቱ ውስጥ ግን በሁለቱ ቁልፎች መካከል የሚመላለስ አየር የለም። አንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው አይሰማውም።

ወንጌላውያን ምእመናን ለዚህ መልስ አላቸው፦ መሣሪያ ዕቃ ነው፣ እግዚአብሔር የሚመለከተው የዘማሪውን ልብ ነው። በእስልምናም ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ ሐሳብ፣ ይመዘናል፤ ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ስለ ድቤና ስለ ሌሎች መሣሪያዎች የሚሰጡት ብይን ይለያያል፤ በወሎ መንዙማ ደግሞ ድቤው ከውዳሴው ጋር አብሮ ኖሯል። እነዚህን መልሶች ማቃለል አይገባም። ሆኖም ልብ ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ ከበሮ ጊዜና ቦታ ባልተወሰነለት ነበር። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ካህናቱ ጾመ ድጓውን በመቋሚያ ይዘምማሉ። ከበሮው ከነዝምታው ነው የአምልኮ ዕቃ የሆነው። ኪት ግን አይጾምም፤ ኪቦርዱ በበራ ቁጥር ዝግጁ ነው።

እንግዲህ ማሽኑ የማያውቀውን ሰው ሊያውቅለት ይገባል፤ ኪት ማደራጀትም ከዚህ የተነሳ የሥነ ምግባር ሥራ ነው። ሰፊው አፍ ሲቀረጽ ሌላ ማይክ በጠባቡ በኩል ቢቀመጥና የዚያ ንዝረት ከሥሩ በስሱ ቢደረብ፣ ድምፁ ወደ አካሉ ይቀርባል። አንዱ ምት ሌላውን እንዲቆርጥ የሚያደርገው ቅንብር ለሃይ ሃት ይጠቅማል፤ ለከበሮ ግን ሊጠፋ ይገባል፤ ሁለቱ አፎች እየተደራረቡ እንጂ እየተቋረጡ አይሰሙምና። የሰርጉ ኪትና የምስጋናው ኪት በየራሳቸው የድምፅ ባንክ፣ በየራሳቸው ስም ይቀመጡ። በጾም ወራት የምስጋናው ባንክ ተዘግቶ ቢከርም ተጫዋቹ የሚያጣው ነገር የለም።

ከባዱ ጉዳይ ፍላሽ ነው። ኪት ከተጫዋች ወደ ተጫዋች በፍላሽ ይዞራል፤ ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ወደ ሐዋሳ። በማኅሌት ላይ የተቀረጸ የዲያቆን ምት በሦስተኛው ቅጂ ላይ ምንጩ ይጠፋና በጭፈራ ቤት ድምፅ ማጉያ ሊወጣ ይችላል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የመታው ሰው ግን የመታው ለዚያ አልነበረም። የእጁን ሥራ ያለ ፈቃዱ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዞር የኒያን መርህም፣ የልብን መርህም፣ የሊቃውንቱንም ሥርዓት በአንድ ጊዜ ይነካል። ለሰርጉ ሌላ ከበሮ ይቀረጽ፤ በሞያሌ ሰርግ የሚመታ ከበሮ አይጠፋም፣ የሚመታውም ሰው ቢጠየቅ ደስ ይለዋል።