ድነሃል ተብሎ የተሰናበተው ሰው

ይህ ተግሣጽ ለእናንተ ለሐኪሞች ነው። የቆለጥ ካንሰር የሽማግሌ በሽታ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። የሚበዛው ከ15 እስከ 40 ዓመት ባለው ጎልማሳ ላይ ነው፤ ለማግባት በሚያስበው፣ አግብቶም ገና ልጅ ባልሳመው ላይ። በሕክምና ከሚሸነፉት ካንሰሮችም ግንባር ቀደሙ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሎውረንስ አይንሆርን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲስፕላቲንን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በሽታው ወደ ሳንባ ደርሶበት እንኳ የሚድነው ብዙ ነው። ሕክምናው በተሟላበት አገር ከ100 ታማሚዎች 95 ያህሉ ይተርፋሉ። የተረፈው ሰው እንግዲህ ገና 40 ወይም 50 ዓመት ይኖራል። እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ደሙን ትመረምራላችሁ፣ ሆዱን ትዳስሳላችሁ፣ ሳንባውን በራጅ ታያላችሁ። «ከባለቤትዎ ጋር እንዴት ነዎት?» የምትለው ጥያቄ ግን ከአፋችሁ አትወጣም። ይህን ጨዋነት ትሉታላችሁ። ጨዋነት አይደለም፤ ከሥራችሁ መሸሽ ነው።

አላወቅንም ልትሉ አትችሉም። አንዱ ቆለጥ ሲወጣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለቱ ይበቃል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ሕክምናው ካለፈ ከዓመታት በኋላም ያንሳል። ያን ጊዜ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ጉልበቱ ይዝላል፣ በትንሽ ትልቁ ይቆጣል፣ አጥንቱም ይሳሳል። ሚስቱ «ሌላ ወዷል» ብላ ታለቅሳለች፤ እሱ «ወንድነቴ አለቀ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በማለዳ በሚቀዳ ደም ሊታወቅ የሚችል ነገር ትዳር ያፈርሳል። ከሆዱ ጀርባ ያሉት ንፍፊቶች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ነርቭ ከተነካም፣ ስሜቱና ብልቱ መቆሙ እንዳለ ሆኖ የዘር ፈሳሹ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ወጣት በዚያች ሌሊት ስለ ራሱ ምን ይፍረድ?

ከሁሉ የማይታለፈው ግን የልጅ ነገር ነው። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996 እ.ኤ.አ. በ25 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ሲያዝ፣ ኬሞቴራፒ ሳይጀምር ዘሩ ተወስዶ በቅዝቃዜ እንዲቀመጥለት ተደረገ። ከልጆቹ ሦስቱ የተወለዱት ከዚያ ነው። በውድድሩ ያጭበረበረ ሰው ነውና አርአያ አላደርገውም፤ ነገር ግን በጊዜው የሚነግረው ሰው አግኝቷል። የእናንተ ታማሚስ? ሲስፕላቲን የዘር ማምረቻውን እንደሚጎዳ፣ ብዙዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢያገግሙም አንዳንዱ እንደማያገግም እያወቃችሁ፣ መርፌውን ስትሰኩ ዝም አላችሁ። አገልግሎቱ በአቅራቢያው ባይኖር እንኳ ማወቅ መብቱ ነበር። ይባስ ብሎም ልጅ የሚመኘውን ሰው ምንም ሳትጠይቁ ቴስቶስቴሮን የምትወጉ አላችሁ። ያ መድኃኒት የቀረችውን የዘር ምርት እንደሚያዳፍን የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል።

የቤተ ሰብ ጥፋትም አለ። በአንድ ቆለጥ የቀረውን ሰው «ስልብ» ብሎ በሹክሹክታ የሚያማ ዘመድ፣ ከሞት የተረፈውን በቁሙ ይገድለዋል። አንድ ቆለጥ ያለው ሰው ስልብ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ አፉን ይያዝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ወቀሳ ሁልጊዜ የሚወድቀው በታማሚው ላይ ነው። እሱን ግን እፍረቱ ይይዘዋል፤ ስለማያውቀው ነገርም እንዴት ይጠይቃል? እናንተ ግን እያወቃችሁ ነው የደበቃችሁበት። ስለዚህ ቀድሞ መናገር ያለበት የተማረው ነው።

ከሚቀጥለው ቀጠሮ ጀምሮ በሩን ዝጉና ጠይቁት። ገና ኬሞቴራፒ ያልጀመረውን ታማሚ፣ ልጅ ይፈልግ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትጀምሩለት። የጨረሰውንም ሆርሞኑን ለኩለት፤ ፈቃዱ ከሆነ ባለቤቱን አስገቡና ለሁለቱም በግልጽ ንገሯቸው። በአምስተኛውም በአሥረኛውም ዓመት ደግማችሁ ጠይቁት።