ስለ መጽሐፍ አመራረጥ

ለሰው መጽሐፍ መምረጥ ማዕድ እንደ ማቅረብ ነው። አቅራቢው የእንግዳውን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ረኀቡንም ማወቅ ይገባዋል።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ተማሪ ቋንቋውን ለማዳበር ልብ ወለድ ማንበብ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከመልካሞቹ ልብ ወለዶች ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ ሞት፥ ስለ ጦርነት፥ በሴት ልጅ ላይ ስለሚደርስ በደል ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቋንቋውን ገና ለሚማር ወጣት መስጠት ይገባልን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአቃቂ ቃሊቲ የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፥ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ደብተር ይዘው የሚገቡ ወጣቶች ነበሩ። ለንባብ ያሰብሁት ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዘ ሪቨር ቢትዊን» ነበር። መጽሐፉ አጭር፥ ቋንቋውም ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። ሙቶኒ የምትባል የሰባኪ ልጅ የአባቷን ትእዛዝ ተላልፋ እንደ አገሯ ልማድ ትገረዛለች፤ በዚያው ጠንቅ ትሞታለች። «ይህ የደረሰባቸው በመካከላቸው ይኖራሉ» ብዬ ፈራሁና መጽሐፉን ትቼ ለሕፃናት የተጻፈ የጦጣና የጅብ ተረት አመጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከትምህርት በኋላ ቀርባ፥ «ጋሼ፥ ይህን ለልጄ አነብለታለሁ፤ ለእኔ የሚሆን ግን የለዎትም?» አለችኝ። አፈርሁ። የፈራሁት ለእነርሱ ሳይሆን ክፍሉ ዝም ሲል የምናገረው እንዳይጠፋኝ ለራሴ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የእንግሊዝኛ ቃል ያነሰው ሰው ኑሮ ያነሰው አይደለም። ልጅ አሳድጎ፥ ዘመድ ቀብሮ፥ ደመወዙን ከፍሎ ከወር እስከ ወር የሚደርሰውን ሰው በሕፃን መጽሐፍ ማስተማር ማክበር አይደለም።

ይህን ስል ግን ከባድ መጽሐፍ ሁሉ ለሁሉ ይሰጥ ማለቴ አይደለም። ቋንቋ ለሚማር ሰው ከክፉ ነገር ይልቅ የሚያስፈራው ግማሹን ብቻ መረዳት ነው። በዚያ መጽሐፍ ልማዱን የሚወዱም የሚያወግዙም ሰዎች አሉ። ግማሹን ብቻ የተረዳ አንባቢ ደራሲው ግርዛትን ያመሰገነ፥ ወይም እናቱንና ወገኑን የሰደበ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ሲከብድ ቋንቋው ይቅለል፤ የከበደውም ምዕራፍ በአማርኛ ይነገርበት። አስተማሪ ስለ ሙቶኒ ይጠይቅ እንጂ ተማሪዋን ስለ ራሷ አይጠይቅ። መዝለል የፈለገም ምክንያቱን ሳይናገር ይዝለል።

እኔም መጽሐፉን መለስሁት። ነገሩ ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ነገርኋቸው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሴት ልጅ ግርዛትን እንደሚከለክልም አስረዳሁ። ሁለቱ ያን ምዕራፍ ዘለሉ፤ ማንም ምክንያት አልጠየቃቸውም። ያች ተማሪ ስለ ራሷ አንዳች አልተናገረችም። ነገር ግን እጇን አንሥታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፥ «እናቷስ ምን አሰበች?» ብላ ጠየቀች። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስትናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሌሎቹም ተከትለው ይመልሱላት ጀመር፤ ቃል ባጠራቸው ጊዜ በአማርኛ እየሞሉ እስከ መውጫው ሰዓት ተከራከሩ።

ወጣት ሆይ፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ከባድ መጽሐፍ እጅህ ሲገባ ስለ ክብደቱ ብቻ አትጣለው፤ ብቻህንም አትሸከመው። አብሮህ የሚያነብ ፈልግ። ነገ አንተም ለታናሽህ መጽሐፍ የምትመርጥ ስትሆን፥ ከመከልከልህ በፊት የምትጠብቀው እርሱን ይሁን ራስህን መርምር።