ልጄ፣ በዘጠኝ ቁልፍ ጀምር

ልጄ፣ የራሴን ማክሮፓድ (የሚደጋገም ትእዛዝን በአንድ ቁልፍ የሚፈጽም ትንሽ ኪቦርድ) ልሥራ ብለህ መነሣትህ ደስ አሰኝቶኛል። ዕቃውን በእጁ የሠራ ሰው ሲበላሽበት የት እንደሚከፍተው ያውቃል። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና መበየጃውን ከመሰካትህ በፊት ስማኝ።

ኮምፒውተር ላይ እጅህ የሚደጋግመውን ለአንድ ሳምንት በወረቀት ያዝ። መቅዳት፣ መለጠፍ፣ ማይክ መዝጋት፣ ከመስኮት መስኮት መዝለል፤ የሚበዛውን ለይ። ከዚያ ያለፈ ቁልፍ መደርደር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ቁልፍ ይበቃሃል። ባለ ቀለም መብራቱና ስክሪኑ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

በየቁልፉ ሥር ያለው መጫኛ ስዊች ይባላል፤ ከስዊች መሀል እስከ ስዊች መሀል ያለው ርቀት 19.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቼሪ ኤምኤክስ ዓይነት ስዊች የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ በየጎኑ 14 ሚሊ ሜትር። በዚሁ ልክ ካርቶን ላይ ሥለህ ጣቶችህን አሳርፍበት። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ።

አሁን ጀማሪን የሚያስፈራው ነገር ላይ ልቆይ። ሁሉም ስለ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፈው ትንሽ ዕቃ፣ ያወራል። ቁልፎች በረድፍና በአምድ ሲያያዙ ሽቦ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን የአራት ማዕዘን ሦስቱን ጫፎች አብረህ ስትጫን ያልነካኸው አራተኛው እንደ ተነካ ይቆጠራል። ይህን የሚከለክለው በየስዊቹ የሚበየደው ዳዮድ ነው፤ የዳዮዶቹም ጥቁር መስመር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለበት። የማክሮፓድህ አእምሮ የሚሆነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለ ትንሽ ሰሌዳ ግን 26 መግቢያና መውጫ ፒኖች አሉት። የእያንዳንዱን ስዊች አንድ እግር ለየራሱ ፒን፣ ሌላውን ለጋራ ግራውንድ ካገናኘህ ዘጠኙ ያለ አንድ ዳዮድ ይሠራሉ። ሙሉ ኪቦርድ የምታልም ከሆነ ረድፍና አምዱን ያኔ ትማራለህ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ስትበይድ መስኮት ክፈት። መጀመሪያ የስዊቹን እግርና ሽቦውን አብረህ አሙቅ፤ የብየዳውን ሽቦ በመበየጃው ጫፍ ላይ ሳይሆን በጋለው መጋጠሚያ ላይ አስነካው። እግሩን ዙሪያውን አቅፎ ከፈሰሰ ይዟል፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ግን አልያዘም፣ ድገመው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በቴስተር ፈትሽ።

ቀሪው ቀላል ነው። ቡትሴል የሚለውን የፒኮ ቁልፍ ተጭነህ ዩኤስቢውን ስትሰካ እንደ ፍላሽ ይከፈታል፤ ኪውኤምኬ በተባለው ነጻ የኪቦርድ ሶፍትዌር ያዘጋጀኸውን ፋይል ትገለብጥበታለህ። ማክሮፓድ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም፤ ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ በብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች ኮንትሮልና ሺፍት ይዞ የዩ (U) ቁልፍን እንዲጫን፣ ቀጥሎ 1362 ጽፎ ኢንተር እንዲመታ ካዘዝከው አራት ነጥብ ይጽፍልሃል። አደራህን፣ ከዘጠኙ አንዱን ቁልፍ ለአራት ነጥብ ስጥልኝ።