የላሜራው ጀርባ

«ውስጡን ለቄስ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ላዩ አምሮ ውስጡ የማያምር ነገር ሲያጋጥመው። ይህን አባባል ስንሰማውም ስንናገረውም አድገናል፤ ቆም ብለን ግን አልመረመርነውም። ለመሆኑ ውስጡ ለምን ለቄስ ይተዋል? ቄስ የሚሰማው በኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ አባባሉ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ «አሁን አትመርምሩ፣ ኋላ ይታወቃል» የሚል ስምምነትም አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ይኸንኑ ስምምነት ነው። ማንም የማያየውን ሥራ በሐቅ የመሥራት ግዴታ አለብን ወይ? ካለብንስ ለማን ነው ያለብን?

ጥያቄውን ያገኘነው ከፍልስፍና ክፍል አይደለም፤ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ሥር ነው።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ሦስት ጓደኛሞች ኮምቦልቻ፣ ከአንደኛችን ቤተሰብ ቤት ከርመን ነበር። በግቢው ጥግ አንድ ኤንትሬ ቆሟል። ለማያውቀው፣ ኤንትሬ ማለት ፊያት 682 ኤን 3 ነው። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ስለሆነ ሾፌሮቻችን የፋብሪካውን ምልክት እንዳለ ወስደው ስም አደረጉት። 682 ከጣሊያን ፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። በኛ አገር ደግሞ የአሰብን መንገድ ከሱ ለይቶ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሾፌር ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባቲንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ነው አዲስ አበባ የሚገባው።

የጓደኛችን አባት፣ እኛም «አባባ» የምንላቸው፣ ይህን መንገድ መጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላም በሾፌርነት ተመላልሰውበታል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። መኪናው ከዚያ ወዲያ ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ ቆይቶ በመጨረሻ ግቢ ውስጥ ቆመ። አሁን ይሸጥ ተብሏል። የአባባን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋርዷቸዋልና ለሕክምናው ገንዘብ ያስፈልጋል። ገዢም ተገኝቷል። ሞተሩ ይነሳል፤ ችግሩ አካሉ ነው። የአሰብ ጨዋማ አየር የጀመረውን የደጋው ዝናብ ጨርሶት፣ የቀኙ ፓራፋንጎና ከበሩ ሥር ያለው የመወጣጫው ላሜራ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ጋራዥ ቢወሰድ ከሽያጩ የሚተርፍ አይኖርም ተባለ። ስለዚህ እዚያው ግቢ ውስጥ ልንሠራው ተነሳን፤ አባባ በቃል፣ እኛ በእጅ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አፍረን ነበር። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባትላሜራ ሆነ!» እያለ ይስቅብናል። ባገራችን «ቀጥቃጭ» ስድብ ሆኖ መኖሩን፣ ዳግማዊ ምኒልክም ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። መማርና መዶሻ ማንሳት ግን ለየቅል ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ተገዛ። አባባ መጀመሪያ ያሠሩን ግን ብረት ሳይሆን ካርቶን ነው። ደህና የቀረውን የግራ ፓራፋንጎ በካርቶን ለክተን፣ ቆርጠን፣ ገልብጠን የቀኙን ልክ አወጣን። ልኩን ላሜራው ላይ በምስማር ጫፍ ጭረን በመቀስ ቆረጥነው። ቀጥሎ የማጉበጡ ሥራ መጣ። ፋብሪካ ይህን በትልቅ መጫኛ ማሽን ይጨርሰዋል፤ እኛ ያለን መሐሉ የተቦረቦረ የባሕር ዛፍ ጉቶ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ ሁለት መዶሻና አንድ ሞርሳ ነው።

ብረት የሚታዘዘው ለጉልበት ይመስለን ነበር። አይደለም። ላሜራ በመዶሻ ሲመታ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ይሰፋል፤ የሰፋው መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ስለዚህ አንድ ኃይለኛ ምት ከመምታት መቶ ቀላል ምት ይሻላል። በሦስተኛው ቀን፣ እጃችን ውኃ ከቋጠረ በኋላ፣ ፓራፋንጎ ለማለት የሚያስደፍር ነገር ወጣ። አባባ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «እዚህ ጋ ገና ሆዱ አልሞላም» አሉ። እኛ በሁለት ሁለት ዓይን አይተን ያላገኘነውን እሳቸው በመዳፋቸው አገኙት። የሰፈሩ በያጅ መጥቶ ሲገጥመውም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው አልነዳውም። እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ እያደረገ፣ እስኪበርድ እየጠበቀ ነው የጨረሰው። ስስ ላሜራ ሙቀት ከበዛበት ይጣመማላ።

ኃጢአታችን የመጣው መወጣጫው ላይ ነው። ገዢው እሑድ ይመጣል፤ ዕለቱ ዓርብ ነበር። የመወጣጫውን ላሜራ ጀርባ ስናየው ዝገቱ ከገመትነው በላይ ገብቷል። ቆርጦ መለወጡ ቢያንስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ እኛ ደግሞ ደክሞናል። ከኛ አንዱ ስቱኮ አመጣ። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ሦስታችንም ተስማምተናልና። ላዩን በብረት ብሩሽ ፋቅ ፋቅ አድርገን፣ ስቱኮውን ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን ቀለም ቀባነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እንዲያውም ሦስት ቀን ከለፋንበት ፓራፋንጎ ይልቅ እሱ አምሮ ታየ። ማን ያየዋል? አባባ አያዩም፤ ገዢውም መሬት ላይ ተንጋሎ ካልገባ በቀር ጀርባውን አያገኘውም።

ማታ አባባ እንደ ልማዳቸው መጥተው ዳበሱ። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ማንኳኳት ያዙ። ፓራፋንጎው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው ድምፅ መወጣጫው ጋ ሲደርስ ደነዘዘ። ዝም አሉ። ቆይተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«እዚህ ላይ የሚቆመው ማነው?»

«ገዢው ነዋ» አለ አንዳችን።

«ገዢውማ ጋቢና ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ የሚቆመው ረዳቱ ነው። እኔ ነበርኩ የምቆመው። ዳገት ላይ መኪና ሲደክም ታኮ ይዞ የሚዘል ማን መሰላችሁ፣ ልጆቼ?»

ሌላ አልተናገሩም፤ ወደ ቤት ገቡ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ወስዶናል። ከመተኛታችን በፊት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል። ክርክራችንን እንዳለ እናቅርበው።

የመጀመሪያው መከላከያችን «መኪናውስ ራሱ እውነት ነው ወይ?» የሚል ነበር። ፓራፋንጎው የኛ እጅ ሥራ ነው፤ ስፖንዳው ስንት ጊዜ ተለውጧል፤ ከሞተሩም ብዙው ዕቃ ከሌላ መኪና የተነቀለ ነው። ታዲያ ይህን «ኤንትሬ ነው» ብሎ መሸጥ ከስቱኮው በምን ይሻላል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ በጻፈው ታሪክ፣ አቴናውያን የጀግናውን መርከብ ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ እንደነበር፣ ፈላስፎችም «ያው ነው» «አይደለም» እያሉ ይከራከሩበት እንደነበር ይነግረናል። በ17ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከበደው። የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ እንደገና ቢገጥማቸው ከሁለቱ የቴሴዎስ መርከብ የቱ ነው? አለ።

እኛ የደረስንበት ይህ ነው። የመርከቡ ክርክር ስለ መተካት ነው። አዲሱ ሳንቃ የሳንቃን ሥራ ይሠራል፤ ማዕበል ቢመጣ ይችለዋል። መርከቡ «ያው ነው ወይስ ሌላ?» የሚለው ለክርክር ይመቻል እንጂ ማንንም አያሰምጥም። ስቱኮ ግን፣ እኛ እንዳደረግነው ሲደረግ፣ መተካት አይደለም። የላሜራን ቦታ ይይዛል፣ የላሜራን መልክ ይይዛል፣ የላሜራን ሥራ ግን አይሠራም። መተካትና መሸፈን ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አሮጌውን ከዓይን ያጠፉታል። ሆኖም አንዱ አሮጌውን ያወጣዋል፣ ሌላው እዚያው ያስቀምጠዋል። የተቀመጠ ዝገት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውኃና አየር ካገኘ መብላቱን ይቀጥላል፤ ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም ከሥር ሆኖ ስቱኮውንና ቀለሙን ያነሳቸዋል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው እዚህ ላይ በቁሙ ይሠራል። ችግሩ፣ እስኪጠራ ድረስ መወጣጫው ላይ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው።

ስቱኮን ለመርገም አይደለም ይህን የምንለው። በደህና ብረት ላይ የመዶሻ ጠባሳ ለመሙላት ስስ አድርገው ሲቀቡት ሐቀኛ ሥራ ነው፤ በኛም ፓራፋንጎ ላይ ገብቷል። ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን የማይችለውን ሸክም ካሸከመው ሰው ነው።

ሁለተኛው መከላከያችን «ገዢ ዓይኑን ይክፈት» የሚል ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ማግኔት አይዝም። ካልፈተሸ የራሱ ጉዳይ ነው። ይህ ሐሳብ በዓለም ላይ ሻጭና ገዢ ብቻ ቢኖሩ ያስኬድ ነበር። የአባባ ጥያቄ የሰበረው ይኸን ነው። ገዢው ቢታለል የሚያጣው ገንዘብ ነው። ረዳቱ ግን ገበያው ላይ አልነበረም፤ ዋጋ አልተከራከረም፤ ማግኔት አልያዘም። ምናልባትም ገና አልተቀጠረም። የሽያጩ ሒሳብ ውስጥ ስሙ የሌለ ሰው የሽያጩን ጉድለት በእግሩ ይከፍላል። «ማንም የማያየው ሥራ ለማን ነው በሐቅ የሚሠራው?» ላልነው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው እዚህ ላይ ይመስለናል። ድርድሩ ላይ ላልነበረው ሰው ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። «የአባባ ዓይንስ?» ብሎ የጠየቀን ልጃቸው ነው፤ እንባ ተናንቆት። ሐቅ ለጠገበ ሰው ይቀላል፣ ለቸገረው ግን ቅንጦት ነው አለ። ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አልቻልንም፤ ለፍርድ የሚቸኩል ሰው አባቱ ሲደናበሩ ይይ። ግን ያን ሌሊት ያልነውን ዛሬም እንላለን። የአንድን ሰው ዓይን በማናውቀው ልጅ እግር ብንገዛው ዕዳው ተዛወረ እንጂ አልተከፈለም። የተዛወረውም ከኛ ወደሚደኸየው ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስለ መኪና ብቻ ከሆነ በዚህ መጽሔት ምን ይሠራል? እኛ «ቅርፅና ይዘት» እያልን የምንውል ተማሪዎች ነን። ያልገባንን ሐሳብ በረጃጅም ቃል ስንለስን፣ ያላነበብነውን መጽሐፍ እንዳነበበ ሰው ስንጠቅስ፣ መምህሩ በማግኔት ካልፈተሸ ያልፋል። ምልክቱንም እንወስዳለን። ነገ ግን ከመካከላችን አስተማሪ የሚሆን አለ፤ አንድ ሩቅ ወረዳ ያለ ልጅ መወጣጫው ላይ ይቆማል። የለሰነው ቦታ የሚረግፈው በኛ ሳይሆን በሱ ነው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነስተን ቀለሙንም ስቱኮውንም አራግፈን የበሰበሰውን በሴጌቶ ቆርጠን ጣልነው። አዲሱ ላሜራ የተበየደው ማታ በባትሪ መብራት ነው። እሑድ ገዢው መጣ። እንደ ፈራነውም ማግኔት ይዟል። ፓራፋንጎው ላይ አስጠግቶ ሲይዝለት ደስ አለው፤ መወጣጫውን ግን ጎንበስ ብሎም አላየው። ሊስማሙ ሲሉ አባባ «በግራ በኩል የጋቢናው ወለል ዝጓል፤ ልጆቹ ጊዜ አጥሯቸው አልደረሱበትም» አሉት። እሱም በዚሁ ከዋጋው ቀነሰ።

የተገኘው ገንዘብ ለአንድ ዓይን ሕክምና በቃ፤ ሁለተኛው ይጠብቃል። ከሥራችን የሚቆጨን የለም፤ ለሁለተኛው ዓይን ግን እስካሁን መልስ የለንም። ያለው ጓደኛ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።