ምክንያቱን ያልጠየቀ ጥገና

በየአጥቢያችን ደጋግሞ የሚነሣ፣ መልሱ ግን አንድ ሆኖ የማያውቅ ጥያቄ አለ። አንድ ወጣት አገልጋይ ወድቆ፣ ንስሐ ገብቶ ሲመለስ ምን እናድርግ? አንዳንዶቻችን፣ "ጌታ ይቅር ያለውን እኛ ማን ነንና እንይዘዋለን?" ብለን በሚቀጥለው እሑድ ማይክሮፎኑን እንመልስለታለን። ሌሎቻችን ደግሞ በአፋችን ይቅር እንለዋለን፤ ከኋላ ወንበር ሳይነሣ ዓመታት ሲያልፉ ግን ዝም ብለን እናያለን። የመጀመሪያው ወገን የሚያደርገውን ጸጋ ይለዋል፤ ሁለተኛው ቅድስና ይለዋል። እንደ እኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይሸሻሉ፤ ሰውየው የወደቀበትን ምክንያት መጠየቅን።

ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ መበላሸትና መታደስ እንዲማር የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነበር (ኤር. 18)። እኛ አሰላ የምንኖር ሰዎች ያንኑ ትምህርት ወለሉ በዘይት በጠቆረ ጋራዥ ልንማር እንችላለን። በአርሲ ደጋ ሞተር ሳይክል ከሁሉ በፊት የሥራ መሣሪያ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ወደ ገጠር ቀበሌ የሚደርስበት፣ ነጋዴው ዕቃውን የሚያመላልስበት። ከነዚህ መካከል አልፎ አልፎ አንድ የቆየ የጃፓን ስፖርት ሞተር ሳይክል ብቅ ይላል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ሞተሩ ሲሞትበት አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ወይ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጠዋል፣ ወይ ያሠራዋል።

እንዲህ ያለ ሞተር ሲሞት ድንገት ይመስላል። አንዱን ምክንያት ብቻ እንውሰድ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅም ያንሳል። ስለዚህ መካኒኩ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለች ይለውጣታል፤ ሞተሩም እዚህ ደጋ ላይ ደስ ብሎት ይሠራል። ከዚያ ወጣቱ በኢተያና በዴራ አድርጎ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ አዳማ ይወርዳል። አዳማ ከአሰላ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ የሚደርሰው ነዳጅ ግን በአሰላ ልክ የተቆረጠው ነው። መካኒኩ ከልክ በላይ አጥብቦት ከነበረ፣ ልጁም በሜዳው መንገድ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከያዘው፣ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ሙቀቱ ይበረታል። ፒስተኑ ያብጣል፣ በመካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይጠፋል፣ ፒስተንና ሲሊንደር ብረት ለብረት ተፋጭተው ይጣበቃሉ። የቆመው በአንድ ሰከንድ ነው፤ የሚቆምበት ምክንያት ግን ገና አሰላ ላይ፣ ሁሉም ነገር መልካም በነበረ ጊዜ ተዘጋጅቶ ነበር።

አሁን ፈጣኑ ጥገና ይህ ነው፦ ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሻሸት፣ አዲስ ፋሻ መግጠም፣ የነዳጅ ታንከሩን ቀለም መቀባት። ሞተሩ ይነሣል፤ ድምፁም ያምራል። ሌላው መንገድ መክፈት ነው። ካንዴላው ይፈታል፣ ቴስታታው ይነሣል፣ ሲሊንደሩ ይወጣል፤ መካኒኩ ከጣሊያን በተወረሱት ስሞች እየጠራ ክፍሎቹን በጨርቅ ላይ በተራ ይደረድራል። ልምድ ያለው መካኒክ ምንም ነገር ከማጠቡ በፊት ያያል። የካንዴላው ጫፍ ነጥቷል? ጭረቱ በየትኛው በኩል ነው? ዘይት ይደርስ ነበር? አስቀድሞ ያጠበ ሰው ከቆሻሻው ጋር ማስረጃውንም አጥቧል። ምክንያቱ ሳይገኝ የሚገጠም አዲስ ፒስተንም የሚቀጥለውን ብልሽት የሚጠብቅ ነው።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። አንድ የወጣቶች ኅብረት ገንዘብ ያዥ መዋጮውን አጠፋ እንበል። አለቀሰ፣ ቤተ ሰቦቹ ብሩን ተኩ፣ ጸለይንለት፣ አቀፍነው። ብሩ የት እንደ ሄደ ግን "ያለፈው አልፏል" ብለን ሳንጠይቅ ቀረን። ብሩ የሄደው የስፖርት ውርርድ ቤት ከሆነ፣ ልጁም ዛሬ ማታ የሚያልፈው በዚያው በር ከሆነ፣ ያደረግንለት ነገር ቀለም መቀባት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አባቶቻችን፤ አንዳንዴ ግን በሽታውን የሚደብቁት ላለማየት የመረጡት አስታማሚዎቹ ናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ250 ዓ.ም. የሮም ቄሣር ዴክዮስ ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ብዙ ክርስቲያኖች ሠዉ፤ ሌሎች ሳይሠዉ "ሠውቷል" የሚል ወረቀት በገንዘብ አገኙ። ስደቱ ሲበርድ የወደቁት በቤተ ክርስቲያን በር ቆሙ። ሮም ውስጥ ኖቫትያኖስ ፈጽሞ አይመለሱም አለ። በካርቴጅ ደግሞ በእምነታቸው ጸንተው የታሰሩ ሰዎች የድጋፍ ወረቀት ስለ ጻፉላቸው ብቻ ወዲያው ይግቡ የሚሉ ነበሩ። የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስና በ251 ዓ.ም. አብረውት የተሰበሰቡት ጳጳሳት የሁለቱንም መንገድ አልተቀበሉም። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለየብቻው ይታይ አሉ፤ በገዛ ፈቃዱ ሮጦ የሠዋና ወረቀት ብቻ የገዛ እኩል አልተያዙም። ይህን ለማወቅ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ መስማት ያስፈልግ ነበር። ጅምላ ፍርድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ጅምላ ምሕረትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። በሉቃስ 15 ያለው አባት የጠፋው ልጁ ሲመለስ ገንዘቡን የት አደረስከው ብሎ አልመረመረውም፤ ሮጦ አቀፈው። እውነት ነው፤ የነገሩ መሠረትም ይህ ነው። ጋራዡም ይህንኑ ያሳየናል። ሞተር የሚከፈተው አስቀድሞ ባለቤቱ "አልጥለውም" ብሎ ስለ ወሰነ ነው። ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ ነው፤ የተጣበቀ ፒስተን ራሱን አያላቅቅም። ማቀፉ ይቀድማል፣ ምርመራው ይከተላል። ላለመጣል ያልወሰኑ ሽማግሌዎች የሚያደርጉት ምርመራ ግን የሬሳ ምርመራ ነው፤ የሞተበትን ምክንያት ይናገራል እንጂ ማንንም አያስነሣም። ልጅነትና ኃላፊነትም አንድ አይደሉም። ልጅነቱ በአባቱ እቅፍ ውስጥ በዚያው ሰዓት ተመልሶለታል። የመዋጮው ሣጥን ቁልፍ ግን በጊዜው የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሲሊንደሩ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነውም ያስተምራል። ብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች የብረት ሲሊንደር ስላላቸው የተጫረው ግድግዳ ይቦረቦራል፤ ጥልቁ ጭረት እስኪጠፋ ድረስ ይላጫል። ቀዳዳው ስለ ሰፋ የቀድሞው ልክ ፒስተን ከእንግዲህ አይሆነውም፤ ሩብ ወይም ግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ይገጠምለታል። በፒስተኑ አናት ላይ 0.25 ወይም 0.50 ተብሎ ይጻፋል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ በሙሉ ኃይሉ ይሄዳል፤ ግን "ምንም እንዳልሆነ" አልሆነም። ወደፊት የሚከፍተው መካኒክ ያን ቁጥር ማወቅ አለበት። ከወደቀበት የተነሣ ወንድማችንም እንዲሁ ነው። ከውርርድ የወጣ ሰው በሕይወቱ የሚጠነቀቅለት ልክ አለው፤ ያን ልክ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ወዳጆች ያስፈልጉታል። ይህ ነውር አይደለም። ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳይቷል።

በመጨረሻም ሞተሩ የሚለማመድበት ጊዜ አለ። አዲሱ ፋሻ ከአዲሱ ግድግዳ ጋር ገና አልተዋወቀም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ጋዙን እስከ መጨረሻ ከያዙት እንደገና ይግላል፣ እንደገና ሊጣበቅ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ተቃራኒውም እንደሚጎዳ ነው። ጋራዥ ውስጥ በባዶ ብቻ እየተነሣ የሚውል ሞተር ፋሻው በቦታው አይቀመጥም፤ ግድግዳው እንደ መስተዋት ይለሰልስና ዘይት እያቃጠለ ሲጨስ ይኖራል። ሞተሩ እንዲድን መካከለኛ ሸክም ያስፈልገዋል፤ ደህና መንገድ፣ መጠነኛ አቀበት፣ ከፍ ዝቅ የሚል ፍጥነት። ከአሰላ ሳጉሬ ደርሶ መመለስ ይበቃዋል፤ በቆጂ በኋላ ይደረሳል።

የማርቆስን ታሪክ በዚህ ዓይን አነበዋለሁ። በጵንፍልያ ከጉዞው ተለይቶ ተመልሶ ነበር (ሐዋ. 13)። ጳውሎስ ለሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም ሲል (ሐዋ. 15) አንድ እውነት ይዞ ነበር፤ ያ ጉዞ ለማርቆስ ገና ከባድ ነበር። በርናባስም ሌላ እውነት ይዞ ነበር፤ ተቀምጦ መቅረቱም ያጠፋዋል። ስለዚህ ወደ ቆጵሮስ ወሰደው። ቆጵሮስ የበርናባስ የትውልድ አገር ናት፤ ማርቆስም ከመመለሱ በፊት ያገለገለባት ደሴት ነበረች። የሚያውቀው መንገድ፣ የሚያውቀው ሥራ፣ ከሚወደው ሰው ጋር። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጽፎ አስጠራው (2ጢሞ. 4)።

ሰው ብረት አይደለምና ምሳሌው የሚያበቃበት ቦታ አለ። ሞተር ሲከፈት አያፍርም፤ ሰው ያፍራል። ሞተርን ሌላ ሰው ይፈታዋል፤ ሰው ግን የሚከፈተው ከውስጥ፣ በራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ መጠየቂያው ቦታ መድረክ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ወይም የጸሎት ርእስ ተብሎ የሚናፈስ ወሬ ሊሆን አይችልም። ጌታ በማቴዎስ 18 ብቻ ለብቻ ከሆነ ንግግር እንድንጀምር ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠያቂውም የሚሰማውን መሸከም የሚችል፣ ከሰማ በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚመጣ ሰው መሆን አለበት።

እንግዲህ በኅብረታችሁ አንድ ሰው ሲመለስ "መቼ ይዘምራል?" የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይቆይ። ከእናንተ አንዱ ሻይ ይጋብዘውና፣ "ወንድሜ፣ አንተ የእኛ ነህ፤ ይህ አልቋል። አሁን ንገረኝ፣ የጀመረው ከየት ነው?" ይበለው። ከዚያ ዝም ብሎ ይስማ። በዚያው ሳምንትም ቀላል፣ ግን እውነተኛ የሆነ ሥራ ይስጡት፤ ወንበር መደርደርም ቢሆን፣ አብሮት የሚደረድር ሰው ካለ።